ምዕራፍ ስድስት፦ ዝም ያለው ቫልቭ

ቴስታታው ከቶርኖ ቤት ተመልሶ ተገጥሟል። አዲስ ጋርኒሲዮን ገብቷል፣ ዘይትና ውሃ ተሞልቷል፣ ሞተሪኖው ጥቂት አሽከርክሮ ሞተሩ ተነስቷል። ባለመኪናውም መካኒኩም በተከፈተው ኮፈን ላይ ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ይጥላሉ። በዚህች ቅጽበት የሚሰጠው ፍርድ ከሁለት አንዱ ነው፦ «ይጮኻል» ወይም «ጸጥ ብሏል»። የጮኸው ተመልሶ ይከፈታል፤ ጸጥ ላለው ሒሳብ ይከፈላል፣ ምርቃትም ይከተላል።

ይህ ፍርድ ብዙ ጊዜ የተገለበጠ ነው። ከታደሰ ቴስታታ በኋላ ጠቅ ጠቅ የሚል ቫልቭ ክፍተቱ ሰፍቶ ይሆናል። ያሰለቻል፣ ሮከሩንና ካሙን ቀስ በቀስ ይበላል፣ ነገር ግን ለወራት ይሠራል፤ ደግሞም ራሱን ያጋልጣል። ክፍተቱ የጠበበበት ቫልቭ ግን ድምፅ የለውም። ሞተሩን እንደ አዲስ ያስመስለዋል። ሲሞቅ ግን ግንዱ ይረዝምና ቫልቩ መቀመጫው ላይ ሙሉ በሙሉ ማረፍ ያቅተዋል፤ በቀረችው ቀጭን ስንጥቅ እሳት ይሾልካል፣ ጠርዙ ይበላል፣ ከጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር በኋላ መኪናው በአንድ ሲሊንደር እየተንገጫገጨ ይመለሳል። ያን ጊዜ ጥፋቱ በጋርኒሲዮኑ፣ በቤንዚኑ ወይም በሹፌሩ ይላከካል።

ነገሩን ለመረዳት ቫልቭ ዋና ሥራውን የሚሠራው ሲከፈት ሳይሆን ሲዘጋ መሆኑን ማየት ያስፈልጋል። በሚኒሞ በደቂቃ 800 ዙር የሚዞር ሞተር ካምሻፍቱ ግማሹን ማለትም 400 ይዞራል፤ እያንዳንዱ ቫልቭ በደቂቃ 400 ጊዜ ይከፈታል፣ ይዘጋል። በ4000 ዙር ይህ በሰከንድ ከ33 ጊዜ በላይ ይሆናል። የጭስ ማስወጫው ቫልቭ ራስ በከባድ ጭነት ከ700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይግላል። ብረቱ እንዳይቀልጥ የሚያደርገው ያቺ ተዘግቶ የሚያርፍባት አጭር ጊዜ ናት። ከሚቀበለው ሙቀት ሦስት አራተኛ ያህሉ በመቀመጫው በኩል ወደ ቴስታታውና ወደ ውሃው ያልፋል፤ የቀረው በግንዱና ግንዱን በሚይዘው ጋይድ በኩል ይወርዳል። ስለዚህ መቀመጫ ማለት አየር የሚዘጋ ጠርዝ ብቻ አይደለም፣ የቫልቩ ማቀዝቀዣም ነው። ንክኪው በጣም ከጠበበ ሙቀቱ መውጫ ያጣል፤ በጣም ከሰፋ ደግሞ የሞላው ግፊት ይበተንና ጥቀርሻ እየተያዘበት ማሸግ ያቆማል። ለአብዛኞቹ ትናንሽ የቤንዚን ሞተሮች በማስገቢያው ከ1 እስከ 1.5፣ በማስወጫው ከ1.5 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ንክኪ ጤናማ ነው።

የአውሮፕላን መሐንዲሶች ይህን ችግር ከመኪና ሰሪዎች ቀድመው በከባዱ ተጋፍጠውታል። ሳሙኤል ሄሮን የተባለው መሐንዲስ የቫልቩን ግንድ ባዶ አድርጎ በከፊል ሶዲየም ሞላበት። ሶዲየም 98 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፤ ቫልቩ ወደ ላይና ወደ ታች ሲመላለስ ፈሳሹ እየተናጠ ሙቀቱን ከራሱ ወደ ግንዱ ይሸከማል። ሊንድበርግ እ.ኤ.አ. በ1927 ከኒው ዮርክ ፓሪስ ያለማረፍ ሲበር የራይት ዊርልዊንድ ሞተሩ እንዲህ ዓይነት ቫልቮች ነበሩት። የእኛ ኮሮላና ላዳ ግን ይህ ቅንጦት የላቸውም፤ ያላቸው መቀመጫውና የክፍተቱ ልክ ብቻ ነው።

አሁን ቶርኖ ቤቱ ያደረገውን እንይ። የቫልቭ ፊትና መቀመጫ በአብዛኛው በ45 ዲግሪ የተቆረጡ ናቸው። ከእንዲህ ያለ ተዳፋት ፊት ላይ 0.1 ሚሊ ሜትር ብረት ሲነሳ ቫልቩ ወደ ቴስታታው ውስጥ 0.14 ሚሊ ሜትር ያህል ይዘልቃል፣ የግንዱ ጫፍም ያንኑ ያህል ወደ ካሙ ይጠጋል። ከመቀመጫውም 0.1 ከተነሳ ሌላ 0.14 ይጨመራል። ድምሩ 0.28 ነው። በያሪስና በብዙ ኮሮላዎች ላይ ያለውን 1ኤንዜድ-ኤፍኢ ሞተር ውሰዱ። የጭስ ቫልቩ ክፍተት በቀዝቃዛ ሞተር ከ0.25 እስከ 0.35 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት፤ የማስገቢያው ከ0.15 እስከ 0.25። ካሙ በቀጥታ በቫልቩ ላይ የተደፋውን ኩባያ ስለሚረግጥ በመካከል ልዩነቱን የሚያጣጥም ሮከር የለም። ከማደሱ በፊት 0.30 የነበረው ክፍተት ከማደሱ በኋላ 0.02 ብቻ ይቀረዋል። በማስገቢያው በኩል ደግሞ ከናካቴው ያልቃል፤ ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ እንኳ ቫልቩ ተገፍቶ ይቆያል። ይህ ስሌት በወረቀት ላይ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ግን «ቫልቭ ተሞርዶ ተመልሷል» የተባለ ቴስታታ ክፍተቱ ሳይለካ ሲገጠም ማየት የተለመደ ነው፤ ምክንያቱም በዚህ ሞተር ላይ ክፍተት የሚስተካከልበት ብሎን የለም። ለማስተካከል ኩባያውን ራሱን መለወጥ ያስፈልጋል። ፋብሪካው ኩባያዎቹን በ0.02 ሚሊ ሜትር ልዩነት በተለያየ ውፍረት ይሠራቸዋል፤ የተለካውን ክፍተት፣ ያለውን ውፍረትና የሚፈለገውን ደምሮና ቀንሶ ትክክለኛውን መምረጥ ነው። ማይክሮሜትር የሌለው ጋራዥ ይህን ሥራ መቀበል የለበትም ብል ቅር የሚሰኝ ይኖራል፣ ግን እንደዚያው ነው።

ሶማሌ ተራ ወርዶ የሚስማማ ኩባያ ያጣ ሰው አቋራጩን ያውቀዋል፦ የቫልቩን ግንድ ጫፍ በድንጋይ መቀነስ። በልኩ ከሆነ ነውር የለበትም፤ ጥሩ ቶርኖ ቤቶችም ያደርጉታል። አደጋው ሦስት ነው። ጫፉ የጠነከረው በስሱ ላይኛው ንብርብር ብቻ ስለሆነ ያ ሲያልፍ ብረቱ ለስላሳ ነው፣ ክፍተቱም ቶሎ ይለወጣል። ጫፉ ቀጥ ብሎ ካልተቆረጠ ቫልቩ በእያንዳንዱ ምት ወደ ጎን ይገፋል፤ የአዲሱ ጋይድ ቀዳዳ በዚያ ሞላላ ይሆናል። ከሁሉ የከፋው ግን ጫፉ ሞላውን ከሚይዘው ክዳን በታች ሲወርድ ነው፤ ኩባያው ግንዱን ትቶ ክዳኑን ይረግጣል፣ ክዳኑን የቆለፉት ሁለቱ ቁርጥራጮች ይዘላሉ፣ ቫልቩ ሲሊንደሩ ውስጥ ይወድቃል። ስለ ሞላውም ካነሳን አይቀር፣ ቫልቩ ወደ ውስጥ የዘለቀውን ያህል ሞላው ይረዝማል፣ የረዘመ ሞላ ግፊቱ ይላላል። በከተማ አይታወቅም፤ በረጅም መንገድ በከፍተኛ ዙር ግን ቫልቩ ካሙን መከተል ያቅተዋል። ከሞላው ሥር የሚገባ ስስ ቀለበት ይህን ያስተካክለዋል፣ ዋጋውም ምንም አይደለም።

ላዳ በዚህ ረገድ ለመካኒክ የዋህ ናት። ለብዙ ዓመታት የአዲስ አበባን ሰማያዊና ነጭ ታክሲ የተሸከመችው ይህች መኪና ከፊያት 124 ብትወረስም ሶቪየቶች ካምሻፍቷን ከጎን አንስተው ቴስታታው ላይ አስቀመጡት፤ ክፍተቷ በብሎን ይስተካከላል። ለማስገቢያውም ለማስወጫውም ቁጥሩ አንድ ነው፣ በቀዝቃዛ ሞተር 0.15 ሚሊ ሜትር። ምልክቱ ከተገጠመ በኋላ በመጀመሪያ 8ኛውና 6ኛው ቫልቭ ይስተካከላሉ፤ ክራንክሻፍቱ ግማሽ ዙር ሲዞር 4ኛውና 7ኛው፣ ሌላ ግማሽ ዙር ሲዞር 1ኛውና 3ኛው፣ በመጨረሻ 5ኛውና 2ኛው። ይህን በቃሉ የማያውቅ የላዳ መካኒክ የለም። እነሱም ግን የሚሳሳቱበት ቦታ አለ። በላዳ የካሙና የሮከሩ ፊት ቶሎ የሚበላ ነው፤ በተበላው ሮከር ላይ ጎድጎድ ያለ ሰርጥ ይፈጠራል። መለኪያው ስስ ብረት በሰርጡ ጫፎች ላይ ተንጠልጥሎ ስለሚያልፍ ጉድጓዱን አያይም። እጅ 0.15 ይላል፤ እውነተኛው ክፍተት ከዚያ ይሰፋል፣ ሞተሩም እንደተስተካከለ ይጮኻል። ቴስታታው ሲታደስ አሮጌዎቹ ሮከሮች ቦታቸው ተቀያይሮ ከተገጠሙ ጩኸቱ እንደገና ይወለዳል፤ እያንዳንዱ ሮከር የተላመደው ከራሱ የካም ጥርስ ጋር ነውና። ሲፈቱ በቅደም ተከተል ክር ላይ ማስገባት ወይም ካርቶን ላይ በቁጥር መሰካት ይህን ሁሉ ያስቀራል።

የቁጥሩ ሙቀትም መታወቅ አለበት። ብዙዎች ዲኤክስ በሚሏት ኮሮላ ላይ ያለው 4ኬ ሞተር ክፍተቱ የሚለካው ሞቆ ነው፦ ማስገቢያው 0.20፣ ማስወጫው 0.30 ሚሊ ሜትር። የላዳን ልማድ ይዞ ዲኤክስን በቀዝቃዛው የሚያስተካክል ሰው ቁጥሩን አክብሮ ልኩን ያጣል። የቴስታታ ብሎኖች እንደገና በሚጠበቁበት ሞተር ላይ ደግሞ ክፍተቱ ከዚያ በኋላ ዳግም መለካት አለበት፤ ቴስታታው በትንሹም ቢሆን ሲወርድ በዱላ የሚገፋው ሮከር ይጠብቃል። ቴስታታው በተላገ ጊዜም እንዲሁ፤ ዱላዎቹ ሳይረዝሙ እንደረዘሙ ይቆጠራል።

በዘይት ግፊት ራሳቸውን የሚያስተካክሉ ኩባያዎች ያላቸው ሞተሮች ከዚህ ጣጣ ነፃ ይመስላሉ። ነፃነታቸው ግን እስከ አንድ ልክ ድረስ ነው። በውስጣቸው ያለችው ትንሽ ፒስተን የተወሰነ መንገድ ብቻ አላት፤ ግንዱ ብዙ ከወጣ ትጠልቅና ታች ትነካለች፣ ከዚያ ወዲያ ቫልቩን ከፍታ ትይዛለች። ምልክቱ ከተገጠመ በኋላ ሞተሩ በብዙ ሲሊንደር ኮምፕረሽን ማጣቱ ነው። እዚህ ላይ ትዕግሥትም ያስፈልጋል፦ አዲስ ወይም ታጥቦ የተሞላ የዘይት ኩባያ ካሙ ከተጫነ በኋላ ትርፍ ዘይቱን እስኪያወጣ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይነኩ ማቆየት ይገባል። ወዲያው ሞተሪኖ የመታ ሰው ቫልቭ ከፒስተን ጋር ሊያጋጭ ይችላል።

አሁን ወደ ምርመራው። ከሥራው በኋላ በመጣ ችግር ሁሉ ቫልቭን መወንጀል ቀላል ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ንጹሕ ነው። የካንዴላ ገመዶች በ1-3-4-2 ቅደም ተከተል ካልተሰኩ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ በማርሚታም ይተኩሳል። በአየር ማስገቢያው ጋርኒሲዮን ወይም በአንዲት የተረሳች የቫኪዩም ጎማ በኩል አየር ከገባ ሚኒሞው ይረበሻል፤ በጥርጣሬው ቦታ ላይ ጥቂት ውሃ ሲረጭ የዙሩ ድምፅ ከተለወጠ ምንጩ ተገኘ። በጭስ መውጫው ጋርኒሲዮን በኩል የሚያመልጥ ጭስ ደግሞ ድምፁ ከቫልቭ ጩኸት ጋር ቁርጥ አንድ ነው። ለመለየት የዚያን ሲሊንደር የካንዴላ ገመድ ነቅሎ ከሞተሩ ብረት ጋር ማገናኘት ይበቃል። ቃጠሎ ሲቆም የጭሱ ድምፅ ይጠፋል ወይም ይደክማል፤ የቫልቭ ጩኸት ግን እንደነበረ ይቀጥላል። የጭሱ ብዙ ጊዜ ብረቱ ሲሞቅና ሲሰፋም ይቀንሳል።

እነዚህ ካለፉ ኮምፕረሽን ይለካል። ሞተሩ ሞቆ፣ ካንዴላዎቹ ሁሉ ወጥተው፣ የነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻ ተረግጦ፣ ባትሪው ጠንካራ ሆኖ። መስጫውን ሳይረግጥ የለካ ሰው አየር የተከለከለ ሞተር ነው የለካው። እዚህ አገር ግን ሌላ ወጥመድ አለ፣ መጻሕፍቱም አይነግሩንም። መጽሐፉ የተጻፈው በባሕር ጠለል አካባቢ ለሚኖር መካኒክ ነው። አዲስ አበባ ወደ 2400 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት የባሕር ጠለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ፒስተኑ የሚያምቀው ከዚያ ስስ አየር ስለሆነ፣ ጂቡቲ ላይ 12 ባር የሚያሳይ ጤናማ ሞተር ድሬዳዋ ላይ 10.4 ያህል፣ አዲስ አበባ ላይ 9 ያህል ያሳያል። ሞተሩ አንድ ነው፤ የተለወጠው ሰማዩ ነው። ገና ከቶርኖ ቤት የወጣ ቴስታታ «ኮምፕረሽኑ ዝቅ ብሏል» ተብሎ በከንቱ የሚወርደው በዚህ ምክንያት ነው። የቫኪዩም መለኪያም በከፍታ ልክ ዝቅ ይላል። ስለዚህ በደጋ ከተሞች ከመጽሐፉ ቁጥር ይልቅ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው የሚያናግረው። 9፣ 9.1፣ 8.9፣ 9 ካሳየ እንኳን ደስ አለዎት። 9፣ 9.1፣ 5.5፣ 9 ካሳየ ሦስተኛው ሲሊንደር ታሟል። አራቱም 6 ካሳዩ ቫልቮቹ ሁሉ በአንድ ቀን አይታመሙም፤ ታይሚንጉ ጥርስ እንደዘለለ መጠርጠር ይቀድማል። ሁለት ጎረቤት ሲሊንደሮች አብረው ከወደቁ በመካከላቸው ያለው የቴስታታ ጋርኒሲዮን ነው የሚጠየቀው።

በታመመው ሲሊንደር ውስጥ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምሮ እንደገና መለካት የቆየ ብልሃት ነው። ቁጥሩ ከፍ ካለ ፋሻዎቹ ናቸው፤ ዘይቱ ለጊዜው አሽጓቸዋል። ካልተነሳ ቫልቭ ወይም ጋርኒሲዮን ነው። ክፍተቱ በብሎን በሚስተካከል ሞተር ላይ ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ አንድ ሙከራ አለ፣ ከሁሉም የምወደው፦ የተጠረጠረውን ቫልቭ ብሎን አንድ ዙር አላልቶ ኮምፕረሽኑን እንደገና መለካት። ቁጥሩ ወዲያው ከጎረቤቶቹ ጋር ከተስተካከለ ቫልቩ ጤናማ ነው፣ ክፍተቱ ብቻ ነበር የጠበበው፤ ቴስታታ ሳይወርድ፣ ሒሳብ ሳይበዛ ተፈታ። ካልተነሳ ጥፋቱ መቀመጫው ላይ ነው፣ ወይም ቫልቩ ተጣሟል። በዝምተኛው ቫልቭ ላይ ከዚህ የተሻለ ምስክር አላውቅም።

ኮምፕሬሰር ባለበት ጋራዥ ደግሞ ያንኑ ሲሊንደር ሁለቱም ቫልቮች በሚዘጉበት የላይኛው ነጥብ ላይ አቁሞ በካንዴላው ቀዳዳ አየር መላክ ይቻላል። ማርሽ ገብቶ የእጅ ፍሬን ካልተያዘ አየሩ ሞተሩን ሊያዞረው ስለሚችል እጅ ከቺንጋው መራቅ አለበት። ከዚያ ማዳመጥ ነው። በካርቡሬተሩ በኩል የሚያፏጭ ከሆነ የማስገቢያው ቫልቭ፣ በማርሚታው ከሆነ የጭሱ፣ በዘይት መሙያው ከሆነ ፋሻው፣ በራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ከተነሳ ጋርኒሲዮኑ ወይም የተሰነጠቀ ቴስታታ። ጆሮ መታመን ያለበት እዚህ ላይ ነው፤ ሞተሩ ቆሞ፣ አንድ ድምፅ ብቻ ባለበት።

ከጋራዥ ሲወጣ ጤነኛ ሆኖ ሲሞቅ ብቻ የሚሰናከል ሞተርም አለ። ቀዝቅዞ ሲነሳ በደንብ ይሠራል፣ አሥር ደቂቃ ከሄደ በኋላ አንድ ሲሊንደር ይጠፋል፣ ቆሞ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። እዚህ ላይ የሚጠረጠረው አዲሱ ጋይድ ነው። ለላዳ የማስገቢያ ቫልቭ ግንድ በጋይዱ ውስጥ ያለው ክፍተት ከ0.022 እስከ 0.055 ሚሊ ሜትር ነው፤ የጭሱ ትንሽ ይሰፋል፣ የበለጠ ይግላልና። ጋይዱ ተመትቶ ከገባ በኋላ በልኩ ካልተሰፋ ግንዱ ሲግል ይያዛል፣ ሞላውም አይመልሰውም። በተቃራኒው ጋይዱ ከላላ ወይም የግንዱ ጎማ ሲገጠም በግንዱ ስለታም ጠርዝ ከተቀደደ ዘይት ወደ ታች ይወርዳል። ምልክቱ የታወቀ ነው፦ ከእንጦጦ ቁልቁል በማርሽ እየተያዘ የወረደ መኪና ታች ደርሶ ቤንዚን ሲሰጠው ሰማያዊ ጭስ ያወጣል። መስጫው ተዘግቶ ሲወርድ የተፈጠረው ቫኪዩም ነው ዘይቱን የሳበው። ያለማቋረጥ የሚያጨስ ከሆነ ግን ወደ ፋሻው ማየት ይሻላል።

ጋይድና መቀመጫ ቅደም ተከተል አላቸው። የመቀመጫው መቁረጫ መሃሉን የሚያገኘው በጋይዱ ውስጥ በሚገባ ዘንግ ስለሆነ አስቀድሞ ጋይዱ ይለወጣል፣ ከዚያ መቀመጫው ይቆረጣል። በተገላቢጦሽ የተሠራ ቴስታታ መቀመጫው ከግንዱ ጋር አንድ መሃል የለውም፤ በማሻ ቅባት ቢታሽ ቢታሽ ክብ ግራጫ ቀለበት ያሳያል እንጂ ሲሞቅ አያሽግም። ለረጅም ጊዜ ማሸት ራሱ ፊቱን ያጎደጉዳል። ቴስታታው ከመገጠሙ በፊት የሚደረገው ሙከራ ግን ቀላል ነው፦ ካንዴላዎቹን አስሮ፣ ቴስታታውን ገልብጦ፣ በቃጠሎ ክፍሎቹ ውስጥ ናፍጣ ወይም ነጭ ጋዝ ሞልቶ በማስገቢያና በማስወጫ ቀዳዳዎቹ በኩል በባትሪ ብርሃን መመልከት። ከደቂቃዎች በኋላ ጠብታ ያሳየ ቫልቭ ተመልሶ ይወጣል። ቶርኖ ቤቱ በር ላይ ቢደረግ ከሁሉ ይሻላል፤ ክርክሩ እዚያው ያልቃል።

ሁሉም በትክክል ተሠርቶም ቴስታታውን መጀመሪያ ያስወረደው ምክንያት ካልተወገደ ቫልቮቹ ይመለሳሉ። ብዙ ጊዜ ያ ምክንያት መፍላት ነው። አዲስ አበባ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ቴርሞስታቱ ከ82 እስከ 88 ዲግሪ ላይ ይከፈታል፤ በሥራ ላይ ባለ ሞተርና በመፍላት መካከል ያለው ርቀት ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው ማለት ነው። ያንን ርቀት የሚያሰፋው የራዲያተሩ ክዳን ነው። 0.9 ባር የሚይዝ ጤነኛ ክዳን የመፍያውን ነጥብ እዚሁ ከተማ ላይ ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ጎማው ያለቀ ክዳን ግን ሰው ከሚያስበው ቀድሞ ያፈላል። ክዳኑን ሳይለውጥ ቴርሞስታቱን ነቅሎ የሚጥል መካኒክ መድኃኒቱን ጥሎ ሕመሙን አስቀርቷል። አልሙኒየም ቴስታታ ከመጠን በላይ ሲሞቅ ከብረት መቀመጫው በበለጠ ይሰፋል፤ ተጨምቆ የገባው መቀመጫ ይላላል፣ አንዳንዴም ይወልቃል። ከወለቀ በኋላ ስለ ቫልቭ ክፍተት ማውራት ትርፉ ድካም ነው።

በአሮጌ መኪኖች ላይ ደግሞ የቤንዚኑ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1921 ቶማስ ሚጅሊ በጄነራል ሞተርስ ሲሠራ እርሳስ ያለበት ቅመም የሞተርን መንኳኳት እንደሚያስቀር አገኘ። ያልታሰበ ጥቅምም ነበረው፤ የእርሳሱ ቅሪት በጭስ ቫልቩና በመቀመጫው መካከል እንደ ስስ ንጣፍ ሆኖ ሁለቱ ብረቶች በግለታቸው እንዳይጣበቁ ይከላከል ነበር። እርሳሱ ግን መርዝ ነው፣ በተለይ ለሕፃናት አእምሮ። ከሰሃራ በታች ያሉ አገሮች እ.ኤ.አ. በሰኔ 2001 ዳካር ላይ ተስማምተው በ2006 መጀመሪያ ላይ ሽያጩን አቆሙ፤ በዓለም የመጨረሻዋ አገር አልጄሪያ በሐምሌ 2021 ተከተለች። ውሳኔው ያለ ጥርጥር ትክክል ነበር። መቀመጫቸው ለስላሳ በሆነባቸው አሮጌ ቴስታታዎች ላይ ግን ቫልቩ በእያንዳንዱ ምት ከመቀመጫው ጥቃቅን ቅንጣት እየነቀለ ወደ ውስጥ ይሰምጣል። የሚጠበው ክፍተት ድምፅ የለውምና ባለመኪናው ሞተሩ እየተሻለው የሚሄድ ይመስለዋል።

የዚህ ሕመም መለያ ጊዜ ነው፣ ስለዚህ መዝገብ ይጠይቃል። ከእድሳት በኋላ በ1000 ኪሎ ሜትር ክፍተቱ በሙሉ ይለካል፣ ሳይነካ በፊት የተገኘው ቁጥር በየቫልቩ ይጻፋል። የመጀመሪያው መጠነኛ ለውጥ አዲሶቹ ፊቶች ሲላመዱ የሚመጣ ነው። በሚቀጥለው ልኬት ሌሎቹ ቆመው የሦስተኛው ሲሊንደር ጭስ ቫልቭ ብቻ እንደገና 0.05 ከጠበበ፣ በሚከተለውም ያንኑ ከደገመ፣ ብሎኑን እያላሉ መቆየት ጊዜ መግዛት ብቻ ነው። ቴስታታው ይወርዳል፣ የዚያ ሲሊንደር የጭስ መቀመጫ ተፈልፍሎ በጠንካራ ብረት ይተካል፣ ጋይዱም በዚያው ይመረመራል፣ ቫልቩ ከተሠራ በኋላም ክፍተቱ ከዜሮ ይለካል።